በገና ሰሞን መስጠትና ማገልገል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገና ሲቃረብ የብዙ ሰው ልብ ይራራል። "ምን ልስጥ? የት ልሂድ? ልጆቼንስ ልውሰድ?" የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል። የአብዛኞቹ መልስ "መጀመሪያ ጠይቁ" የሚል ነው። ዝርዝሩ ግን እንደየጉዳዩ ይለያያል፤ አንዳንዱም ያልተጠበቀ ነው።

በበዓሉ ዕለት ምግብ ማደል እፈልጋለሁ። ዝም ብዬ ብሄድ ይቀበሉኛል?

ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። ክፋት አይደለም፤ ቦታው ሞልቶ ነው። በዓመት ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሚተርፍበት ቀን ቢኖር የገና ዕለት ነው። ሁሉም ሰው በዚያው ዕለት፣ በዚያው የምሳ ሰዓት፣ ጭልፋ ይዞ መቆም ይፈልጋል። (ጭልፋው ጋ ቆንጆ ፎቶ ይወጣል፤ ዕቃ ማጠቢያው ጋ አይወጣም። ለዚህ ይሆን?) ወጥ ቤት የሚገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምግብ ንጽሕና ቀድመው የሠለጠኑ ናቸው። ያልተመዘገበ ሰው በር ላይ ሲመጣ አስተባባሪው ሥራውን ትቶ ለእሱ ሥራ ሊፈልግ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይደውሉ። በብሪታንያ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሠራው ክራይሲስ የተባለ ድርጅት አለ፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የገና ሰሞን አገልጋዮቹ ቀደም ብለው በኦንላይን ተመዝግበው፣ ፈረቃ መርጠው ነው የሚገቡት። ሌሎችም ብዙዎች እንዲሁ ናቸው።

ሲደውሉ ደግሞ "የገና ዕለት ልምጣ?" ከማለት "ሰው የሚያጥራችሁ መቼ ነው?" ብለው ይጠይቁ። የሌሊት ፈረቃ ይሏችኋል። ወይም ዕቃ አጠባ። ወይም የበዓሉ ማግስት። ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚጠፋው ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ነው። መብራቱ ወርዶ፣ መዝሙሩ አልቆ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ምሳ ፈላጊው ሰልፍ ግን እንዳለ ነው። በእኔ እምነት አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ያንን ቀን ለዚያ ጊዜ ቢያስቀምጠው ይሻላል።

ገናን የማከብረው ጃንዋሪ 7 ነው። ዲሴምበር 25 ላይ ማገልገል እችላለሁ?

ኧረ እንዲያውም የሚፈለገው እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው! የኢትዮጵያ፣ የኤርትራ፣ የግብፅ፣ የሩሲያና የሰርቢያ ኦርቶዶክሳውያን ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 7 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል 13 ቀን አለ። ዲሴምበር 25 ለእርስዎ ተራ ቀን ከሆነ፣ ከቤተሰቡ ጋር መዋል የሚፈልግ አንድ ሠራተኛ ወይም በጎ ፈቃደኛ ሊተኩ ይችላሉ። በብዙ ከተሞች አይሁዶችና ሙስሊሞች ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ክርስቲያኖቹ ቤታቸው እንዲውሉ በዚያ ቀን ፈረቃ ይሸፍናሉ። እነሱም በተራቸው በበዓልዎ ቀን ይተኩዎታል። ቆንጆ ልውውጥ ነው፤ ያለ ብዙ ስብሰባ የሚያስተሳስር።

ገንዘብ ይሻላል ወይስ ዕቃ?

ድርጅቱ ሌላ ካልነገረዎት ገንዘብ። ይህን ስል ፊታቸው የሚቋጠር ሰዎች አሉ፤ ገንዘብ መስጠት ከልብ ያልሆነ ነገር ይመስላቸዋል። እስኪ እንየው።

የምግብ ባንክ የሚባለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው ነው፤ በአሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ። መነሻው ሱቆች ሊጥሉት የነበረውን፣ ግን የሚበላ ምግብ እየሰበሰቡ ማቆየትና ማደል ነበር። ዛሬም እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከአምራችና ከነጋዴ የተረፈውን ይወስዳሉ፤ የጎደለውን በጅምላ ይገዛሉ። እርስዎ ከሱቅ በችርቻሮ አንድ ጣሳ በሚገዙበት ገንዘብ እነሱ ከዚያ የበለጠ ያገኙበታል። ደግሞም ገንዘብ መጋዘን አይፈልግም። ጊዜው አያልፍበትም። ለነዳጅ ይሆናል፣ ለመብራት ይሆናል። "ይህቺ ለማቀዝቀዣ ጥገና ትሁን" ብሎ የሚሰጥ ሰው እምብዛም የለም። ማቀዝቀዣው የቆመ ዕለት ግን የሁሉም ሰው ስጦታ አብሮ ይበላሻል።

ዕቃ የሚሻለው ሲጠየቅ ነው። ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ሊንችበርግ ከተማ የጀመረው አንድ ዘዴ አለ። ልጆች የሚፈልጉት ነገር ካርድ ላይ ይጻፍና ካርዱ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ባለ የገና ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። አላፊ አግዳሚው አንዱን አንሥቶ የተጻፈውን ይገዛል። ዕድሜው አለ፣ የጫማ ቁጥሩ አለ፣ ግምት የለም። በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ዝርዝር ካለ ከዝርዝሩ አይውጡ። "ይህ ይሻላታል" ብለው የቀየሩት ነገር ለሌላ ልጅ ይሆን ይሆናል፤ ለጻፈችው ልጅ ግን አይደርስም።

ቤት ውስጥ የማልለብሰው ልብስ ሞልቷል። ጠቅልዬ ልስጥ?

ጠቅልለው ሳይሆን መርጠው። ልብስ በሚለይበት ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ላሳይዎት። አንድ ማዳበሪያ ይመጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። ዚፑ የሄደ ሱሪ ይወጣል። አንገቱ የጠቆረ ሸሚዝ። የአንድ እግር ጫማ፤ ሁለተኛውን ሲፈልጉ ማዳበሪያው ሁሉ ይበረበራል፤ የለም። ከሁሉም ሥር አንድ ጥሩ ካፖርት አለ፤ ወፍራም፣ ቁልፉ ሁሉ የሞላ። ግን ከእርጥብ ፎጣ ጋር ስለከረመ ሻግቷል። ሁለት ሰው ያን ያህል ቆሞ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍሎበት፣ መጨረሻ ላይ የተረፈው ሁለት ካልሲና አንድ ሹራብ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ለእህትዎ ወይም ለወንድምዎ ሳያፍሩ የሚሰጡት ከሆነ ይስጡ። ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ኪሱ ይፈተሽ። ጫማውን በክሩ አንድ ላይ ይሰሩት። ልኩን በወረቀት ጽፈው ቢያያይዙማ ልብሱን የሚለዩት ልጆች ይመርቁዎታል።

አዲስ ካልሲና አዲስ የውስጥ ልብስ ደግሞ ሁልጊዜ ያጥራል። መንገድ ላይ የሚያድር ሰው እግሩ ሲረጥብ ይቆስላል፤ ካልሲ ለእሱ መድኃኒት ማለት ነው። ማንም ሰው ግን የለበሰውን ካልሲ አይሰጥም፤ አዲስ መግዛት ደግሞ ትዝ አይለውም።

የበዓል ምግብ ተርፎኛል። ለመጠለያ ልውሰደው?

ቀድመው ይደውሉ፤ ምናልባት "አንወስድም" ይሉዎታል። አይቀየሟቸው። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባበታል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ነገር አያስተማምንም። ከእርስዎ ማዕድ ተነሥቶ ስንት ሰዓት እንደቆየ እነሱ አያውቁም፤ አንድ ጊዜ ስህተት ከተፈጠረ ደግሞ የሚታመመው ድሮም አቅም ያነሰው ሰው ነው። ለጎረቤት ከሆነ ግን በትኩሱ ይላኩ፣ ውስጡ ምን እንዳለበት ይንገሩ፣ በቃ።

ለልጆች መጫወቻ መስጠት ፈልጌ ነበር። የሚመከር ነገር አለ?

አዲስ ይሁን፣ ያልተጠቀለለም ይሁን። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ተጠባባቂዎች የሚያካሂዱት "ቶይስ ፎር ቶትስ" የሚባል የመጫወቻ ማሰባሰቢያ እንኳ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አነሣሱ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1947 በሎስ አንጀለስ ሻለቃ ቢል ሄንድሪክስን ባለቤቱ ዳያን በእጇ የሠራችውን አሻንጉሊት ለተቸገረ ልጅ አድርስልኝ አለችው። የሚያደርስ ድርጅት ፈልጎ አጣ። "እንግዲያው አንተ ጀምረው" አለችው ይባላል። በዚያው ዓመት 5,000 ያህል መጫወቻ ተሰበሰበ።

ያልተጠቀለለ የሚባለው ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ድርጅቱ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ማየት አለበት። ሁለተኛው ይበልጥብኛል፦ ስጦታውን የሚጠቀልለው ወላጁ እንዲሆን ነው። ልጁ ስጦታውን ከእናቱ ወይም ከአባቱ እጅ ሲቀበል፣ "ሰዎች መጥተው ሰጡን" የሚል ትዝታ አይቀርበትም። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ልጆቹ ፊት ሲሆን ደግሞ ወላጅን ይብሳል።

ሁለት ማስታወሻ። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን አብረው ይስጡ። ከ12 ዓመት በላይ ያሉትንም አይርሱ። ለትንንሾቹ አሻንጉሊት ይከመራል፤ ለ15 ዓመቱ ልጅ ግን ምን እንደሚሰጠው ስለማይታወቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ኳስ፣ የጀርባ ቦርሳ፣ የጆሮ ማዳመጫ... ለእሱ እነዚህ ይሆናሉ።

በገና ሰሞን ልጆች ማሳደጊያ ሄጄ ከልጆቹ ጋር ብውልስ?

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምመልሰው፦ ድርጅቱን የሚያግዙበት ሌላ መንገድ ቢፈልጉ ይሻላል። ሐሳብዎ ቅን እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገሩን ግን ከልጁ በኩል ይዩት። አንድ የማያውቃት ሴት ትመጣለች፣ ታቅፈዋለች፣ ታጫውተዋለች፣ ትስመዋለች፣ ትሄዳለች። በሳምንቱ ሌላ ሰው። ቀጥሎ ሌላ። ልጁ ለማያውቀው ሰው ሁሉ መሮጥና መጠምጠም ይለምዳል፤ ጎብኚው "እንዴት ፍቅር የጠማው ልጅ ነው!" ብሎ ይመለሳል። ያ ግን የተደጋገመ መለየት ያስከተለው ነገር ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ብዙዎቹን ከቤት ያስወጣቸው ድህነት ነው። ጎብኚና ስጦታ በበዛ ቁጥር አንዳንድ ቦታ ልጆችን ከቤተሰብ ነጥሎ ማምጣት ገቢ ማግኛ ይሆናል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ዘመናዊ ባርነት ሕግ ስታወጣ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ክርክር ተደርጎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ያለ ወላጅ እንክብካቤ ስላሉ ልጆች ባሳለፈው ውሳኔ ይህን ዓይነት ጉብኝት ጎጂ ብሎታል።

ልጆችን መርዳት ከፈለጉ ቤተሰብ እንዳይበተን የሚሠሩትን ይደግፉ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የእናት ሥራ መጀመሪያ ገንዘብ። ማሳደጊያው ውስጥ ማገልገል ካለብዎትም ለረጅም ጊዜና በየሳምንቱ ይሁን፤ ጥሩ ድርጅት ደግሞ የፖሊስ የምስክር ወረቀት ሳይጠይቅ ከልጅ ጋር አያገናኝዎትም። ሳይጠይቅ ካስገባዎት ይጠርጥሩ።

አረጋውያንንስ ብጠይቅ?

ይህማ በጣም ጥሩ ነው። አዋቂ ሰው እንግዳ መጥቶ እንደሚሄድ ያውቃል፤ አብሮ ለመጫወትም ለመፍረድም ይችላል። ግን 20 ሰው ሆኖ ገብቶ፣ ዘምሮ፣ ስጦታ አድሎ፣ በግማሽ ሰዓት ውልቅ ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። ሲሄዱ ወንበር ስበው፣ ፊት ለፊት፣ በዓይናቸው ልክ ይቀመጡ። ቆሞ ማነጋገር ያጣድፋል። ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ከሆነ ፈቃድ ጠይቀው ዝቅ ያድርጉት። "እንዴት ነዎት?" ሲሉ "ደህና ነኝ" ብለው ይዘጉታል። "መጀመሪያ የተቀጠሩት የት ነበር?" ብለው ይጠይቋቸው፤ ያኔ ጨዋታው ይመጣል።

ሲሰናበቱ "እመጣለሁ" የሚሉት የምር ከሆነ ብቻ ነው። ያ ቃል እዚያ ቤት ይቆጠራል።

ደም መለገስስ?

በጣም ይፈለጋል፣ ብዙም አይወራለትም። በበዓል ሰሞን መደበኛ ለጋሾች መንገድ ይሄዳሉ ወይም ይጠመዳሉ፤ አደጋና ወሊድ ግን በዓል አያውቅም። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ እስከ 42 ቀን ይቆያል። ፕላትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውና የካንሰር ሕሙማን በብዛት የሚፈልጉት የደም ክፍል፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ አከማችቶ ማለፍ አይቻልም። በብዙ አገሮች ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆኑ መስጠት ይችላሉ። አንድ ጊዜ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በልተው፣ ውሃ ጠጥተው ይሂዱ።

ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

እንደ ቦታው ነው፤ የዕድሜ ገደብ ስላለ ይጠይቁ። ለትንንሽ ልጆች ዕቃ መለየት፣ ካርድ መሥራት፣ ሣጥን ላይ መጻፍ ይመቻቸዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ "አየህ፣ አንተ ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆንክ!" እያሉ ሌላውን ሰው የማስተማሪያ ዕቃ አያድርጉት። እዚያው ቆሞ ይሰማል።

ፎቶ ባነሣና ፌስቡክ ላይ ብለጥፍ ምን ችግር አለው? ሌሎችን ያነሣሣል እኮ።

ያነሣሣል፤ እውነት ነው። ሣጥኖቹን ያንሡ፣ የአገልጋዮቹን እጅ ያንሡ፣ ባዶውን መደርደሪያ ያንሡ። የተቀባዩን ፊት ግን ይተዉት። "ፈቀደልኝ" የሚባለው ነገር አይመቸኝም፤ አንድ ሰው የሚበላውን ይዘው ፊቱ ቆመው "ፎቶ ላንሣህ?" ቢሉት እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? ያ ፎቶ ነገ ለልጁ የክፍል ጓደኞች በቲክቶክ ሊደርስ ይችላል።

የገና አባት የሚባለው ሁሉ መነሻ የሆነው ቅዱስ ኒኮላስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው ሚራ ጳጳስ ነበር። ስለ እሱ በጣም የታወቀው ትውፊት አባታቸው ስለደኸየባቸው ሦስት ልጃገረዶች ነው። ለጥሎሻቸው የሚሆን ወርቅ የወረወረው በሌሊት፣ በመስኮት ነበር ይባላል። በሌሊት መምጣቱ አባትየው እንዳያፍር ብሎ ነው።

ገንዘብ የለኝም። እጅ አጥሮኛል። ምን ልስጥ?

እንዳይቸገሩ። ግን ትንሽ ነገር ካለዎት መጠኑ እንዳያሳፍርዎት። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤልዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን ያሳተሙት ጥናት አለ። ለሰዎች 5 ወይም 20 ዶላር ተሰጥቷቸው ገሚሱ ለራሱ፣ ገሚሱ ለሌላ ሰው እንዲያወጣ ተነገረው። ማታ ላይ ይበልጥ ደስ ብሏቸው የተገኙት ለሌላ ያወጡት ናቸው፤ 5 ይሁን 20 ለውጥ አላመጣም።

ከገንዘብ ውጭ ደግሞ ሙያ አለ። መኪና ያለው ያድርስ። ሒሳብ የሚችል የአንዲት ትንሽ ድርጅት መዝገብ ያስተካክል። ቋንቋ የሚችል ለአዲስ ስደተኛ ቅጽ ይሙላ። በዓሉን ብቻውን ለሚያሳልፍ ሰው ስልክ መደወልም አለ፤ በተለይ በዚያ ዓመት ሐዘን ለደረሰበት።

በሥራ ቦታ ከሆነ አንድ ላይ ያዋጡ። ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሳልቬሽን አርሚ በገና ሰሞን መንገድ ዳር የሚሰቅለው ቀይ ድስት እ.ኤ.አ. በ1891 በሳን ፍራንሲስኮ ሲጀመር አንድ ተራ ድስት ነበር። ጆሴፍ ማክፊ የሚባል መኮንን ለድሆች የገና ምሳ ለማብላት አስቦ፣ ገንዘብ አጥቶ፣ ሰው የሚተላለፍበት ቦታ ላይ ድስቱን አንጠለጠለ። የሞላው በሳንቲም ነው።

አጭበርባሪን በምን ልለየው?

በችኮላው። "ዛሬ ማታ ካልሆነ ልጁ ይሞታል" የሚል መልእክት በቴሌግራም ሲመጣ ረጋ ይበሉ። የታወቀ ድርጅት ስም በአንድ ፊደል ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል። በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ አይንኩ፤ የድርጅቱን ስልክ ራስዎ ፈልገው ይደውሉ። በግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት፣ በጊፍት ካርድ ወይም በክሪፕቶ ክፈሉ ካሉ ይተዉት። ደረሰኝ ይጠይቁ። እውነተኛው ድርጅት በጥያቄዎ አይቆጣም፤ ነገም ቢሰጡት ይቀበልዎታል።

መንገድ ላይ ለሚለምን ሰው መስጠት አለብኝ?

ይህን ለእርስዎ ኅሊና እተወዋለሁ። ቢሰጡም ባይሰጡም ግን ሰላም ይበሉት።

ተመዝግቤ ነበር፤ አሁን መሄድ አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ወዲያው ይንገሯቸው። በበዓል ሰሞን ከሚመዘገበው ሰው የተወሰነው በማለዳ ይሰንፋል፤ አስተባባሪዎች ይህን ለምደውታል። የሚጎዳቸው ዝም ብሎ መቅረት ነው። ያ ፈረቃ ለእርስዎ ተይዞ ሌላ ሰው ተመልሷል። ከዋዜማው ከነገሯቸው ከተጠባባቂዎች አንዱን ይጠራሉ። አጭር መልእክት ይበቃል፦ "ነገ አልችልም፤ ይቅርታ። በሚቀጥለው ወር ሰው የሚያጥራችሁ ቀን ካለ ጻፉኝ።"